ዛሬስ በላች?

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ አሮጌ መኪናዋን ልትሸጥ ስለነበር ውስጡን የማጽዳቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር እጄን ሰድጄ ስጎረጉር፣ ከደረቀ ማስቲካና ከአንድ የልጅ ጓንት ጋር ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘሁ። የላዩ ጽሑፍ ለቆ ጠፍቷል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት።

አረቄ አረቄ ይላል።

ያ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸተው። የኮቪድ መጀመሪያ ላይ የእጅ ሳኒታይዘር ከየሱቁ ስለጠፋ የመጠጥ ፋብሪካዎች ናቸው እየሠሩ ያከፋፈሉት፤ ሽታውን የሚያጠፋ ነገር ለመጨመር ግን ጊዜ ያገኙ አይመስለኝም። እጃችንን ባሸን ቁጥር እኔና ወንድሜ ከመጠጥ ቤት የወጣን እንመስል ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ተስፋይ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ "ይሄማ የአስመራ አረቄ ነው! እኛ አገር ቢሆን ሰው እጁን ከሚታጠብበት ይጠጣው ነበር" ብለው ሳቁ። ያኔ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ናሆም ስድስት።

የምንኖረው ፋልከንሪጅ ነው። ሰፈራችን ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ወሬ ማቋረጥ ልማዳችን ነበር፤ እናቴ በስልክ እያወራች "ቆይ፣ ይለፍ" ትላለች፣ ያልፋል፣ ትቀጥላለች። በዚያ መጋቢት ሰማዩ ዝም አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናቴ በልማድ ወሬዋን እያቋረጠች ትጠብቅ ነበር፤ የሚያልፍ ግን አልነበረም።

እናቴ ትርሲት በሁለት ነርሲንግ ሆሞች ነበር የምትሠራው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። አባቴ ትራክ ይነዳል፤ ጭነት ይዞ ወደ ቶሮንቶ ከሄደ የሚመለሰው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ ሲባል እናቴ ወጥ ቤት ቆማ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየች። ልጆች ቤት ይዋሉ ተባለ። ከማን ጋር?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መፍትሔ መጣ። የነርሶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የግሮሰሪ ሠራተኞች ልጆች ብቻ የሚውሉበት ቦታ ተከፈተ። ቦታው ደግሞ ሌላ ሳይሆን የራሴ ትምህርት ቤት ጂም ነበር።

"እኔ ኤሴንሽያል ነኝ" አለችን እናቴ። "አስፈላጊ ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ ትሄዳላችሁ።"

ናሆም "ኤሴንሽያል" የሚለውን "ስፔሻል" ብሎ ሰማው። ላገኘው ሰው ሁሉ "ዊ አር ስፔሻል" እያለ ሲኮራ ሰነበተ። እኔ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ቤት ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ውጭ የሚተወው ቢጠፋም የማይቆጨውን ነው። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ተቆልፎባቸዋል። እኛ ደግሞ ውጭ ነን። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ የማስረው በዚህ ምክንያት ነበር።

የእናቴ ሺፍት ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ጂሙ የሚከፈተው ግን ዘግይቶ ነው። በመካከሉ ያለውን ሰዓት የያዙልን ጋሼ ተስፋይ ናቸው። ወደዚያ ቤት የገባነው ከዚያ በፊት በነበረው መከር ስለነበር ስለ እሳቸው ብዙ አላውቅም። ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር ናቸው፤ አውሮፕላን ሲቆም ታክሲያቸውም ደጃቸው ላይ ቆማ በረዶ ለበሰች። አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ከእናቴ አማርኛ ይልቅ የተስተካከለ፣ መጽሐፍ መጽሐፍ የሚል ነበር። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ግን ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት።

ጠዋት ደጃችን ላይ ይቆሙና "ቤዛ! ናሆም! ተነሡ፣ ትምህርት ቤት!" ይላሉ። ስንወጣ ናሆምን "ወደይ"፣ እኔን "ጓለይ" ብለው ሰላም ይሉናል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እሳቸው ፊት፣ እኛ ከኋላ። ክረምቱን በበረዶው ላይ ሲበተን ከርሞ የተረፈው ጠጠር የእግረኛውን መንገድ ሞልቶት ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ባዶ አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ያልፋል። በየመስኮቱ ልጆች የሳሉት ልብ ተለጥፏል። ጋሼ ተስፋይ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ።

"ዛሬም የለም" ይላሉ። ናሆም አውሮፕላኖቹ ታመው ይመስለው ነበር።

ጂሙ ውስጥ ወለሉ በቢጫ ቴፕ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካሬ፣ አንድ ወንበር፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ የፕላስቲክ ሳጥን። ከሰባት ወይም ከስምንት አንበልጥም። የምታውለን ሚስ ዶና የምትባል ረጅም ሴትዮ ናት፤ ጂሙ ስለሚያስተጋባ አንድ ነገር ስትናገር ሁለት ጊዜ ይሰማል። ከጎኔ ባለው ካሬ ማርኮ የሚባል የፊሊፒንስ ልጅ ነበር፤ እናቱ ከእናቴ ጋር አንድ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ናሆም ቴፑን ድንበር ነው ብሎ ስላመነ የቀለም እርሳሱ ተንከባልሎ ሲወጣበት ቪዛ የሚያስፈልገው ይመስል ቆሞ ያለቅስ ነበር።

እንግዳው ነገር ግን የእኔ ክፍል ነው። አስተማሪዬ ሚስተር ዊልሰን ከቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ያስተምረናል። የክፍሌ ልጆች ከአልጋቸው፣ ከሶፋቸው ላይ ሆነው ይታያሉ። እኔ ብቻ ከኋላዬ የቅርጫት ኳስ መረብ ይታያል።

"ቤዛ፣ የት ነሽ?" አለኝ የመጀመሪያው ቀን።

"ትምህርት ቤት" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሚስተር ዊልሰን መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ትምህርቱ ሲያልቅ ብቻዬን አቆየኝና፣ መዘጋቱ ሳይሰማ በፊት በወረቀት ኩባያ የዘራነው ባቄላ መስኮቱ ላይ እንደቀረ ነገረኝ። ሚስ ዶና ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኛው ተቀብላ ይዛኝ ገባች። ኮሪደሩ ጨለማ ነበር። የክፍላችን ቀን መቁጠሪያ እዚያው መጋቢት ላይ ቆሟል። ጃኬቶች ተሰቅለዋል። የእኔ ባቄላ ደርቆ ተኝቷል፤ የአንድ የማልወደው ልጅ ባቄላ ግን ወደ መስኮቱ ተስቦ በመስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ሁለቱንም አጠጣኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምንት በሳምንት እየገባሁ አጠጣ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሆንኩም ይመስለኝ ጀመር።

ምሳ ግን አልበላም ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ እናቴ ምስር ወጥ በቴርሞስ ትሰጠኛለች፤ ክዳኑን ስከፍት ግን ቫይረሱ ከጂሙ ጣሪያ ላይ ተንሳፍፎ የሚገባበት ይመስለኛል። ሚስ ዶና ሁለቴ ሦስቴ አየችኝና ለእናቴ ነገረቻት።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም የተሳሳትኩት በዚህ ነው።

እናቴ ከሰዓት በኋላ በመኪና ትወስደንና እኛን ወደ ቤት አስገብታ እሷ ጋራዥ ውስጥ ትቀራለች። የሥራ ልብሷን እዚያ ትቀይራለች። ከዚያ ወዲያው አትገባም። አጥሩ ዘንድ ሄዳ ትቆማለች፤ ጋሼ ተስፋይ በወዲያ በኩል፣ እሷ በወዲህ፣ ራቅ ራቅ ብለው። እኔ ከወጥ ቤቱ መስኮት አያቸዋለሁ። የእናቴ ጀርባ ነው የሚታየኝ፤ ድምፅዋም አይሰማም። የጋሼ ተስፋይ ግን በተዘጋ መስኮትም ይሰማል።

"ዛሬስ በላች?" ይላሉ።

እናቴ የሆነ ነገር ትላለች።

"አለቀሰች?"

እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች።

"ተመስገን። ትንሽ ትንሽም ብትበላ ጥሩ ነው።"

ስለ እኔ ነበር የመሰለኝ። ሌላ ማን አለ? ምሳ አልበላ ያልኩት እኔ ነኝ። ሚስ ዶና ለእናቴ ነግራታለች፤ እናቴ ደግሞ ጠዋት ለሚያደርሱኝ ሰው ትነግራቸዋለች። አንድ አያቴ ያልሆኑ ሰው ቀኑን ሙሉ የእኔን ሆድ ሲያስቡ ውለው፣ በዚያ ብርድ አጥር ሥር ቆመው በልታለች ወይ ብለው ሲጠይቁ! ያን ያህል አስፈላጊ ሆኜ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ምስሩን ጨርሼ በላሁት። በሦስተኛው ቀን ቴርሞሱን ልሼ መለስኩት። ጠዋት በመንገድ ላይ ጋሼ ተስፋይን ከኋላ እያየሁ፣ ዛሬ ማታ ደስ ይላቸዋል እል ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። በሽታው ከነርሲንግ ሆም ወደ ነርሲንግ ሆም የሚሄደው በሠራተኞች ነው ተብሎ፣ ማንም ከአንድ ቦታ በላይ እንዳይሠራ ተደረገ። እናቴ አንዱን መምረጥ ነበረባት። አቢዴል የምትኖረው ጓደኛዋ ሰላም በስፒከር ስትጮህባት ሰማሁ።

"ትርሲት፣ አብደሻል? ያኛው አዲስ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ሰዓትም ይጨምሩልሻል። ያንቺው ውስጥ በሽታው ነገ ይገባል እየተባለ!"

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "ግን እዚህ እኮ ሰው አለብኝ።"

ሰው አለብኝ! እኛ ነን ብዬ ወሰድኩት። ለቤታችን የሚቀርበውን ሥራ የመረጠችው ለእኛ ቅርብ ለመሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ለናሆምም ነገርኩት። ውጭ የተተውን አይደለንም፤ ሰዎች ነን፤ ያለንባት ሰው አለችን። በማግስቱ ጫማዬን ከናሆም ቀድሜ አሰርኩ።

ማታ ማታ ሰዎች በየበራቸው ወጥተው ድስትና ማንኪያ እያንኳኩ ለጤና ሠራተኞች ምስጋና ያቀርቡ ነበር። ናሆም ቫይረሱን ማስደንገጫ ስለመሰለው ማንኪያውን ይዞ እስኪደክመው ይደበድባል። አንድ ምሽት ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶው በአንድ ቀን ቀለጠና እናቴ መስኮቱን ከፍታ ወጣች። አጥሩ ዘንድ ቆመች። ያን ቀን የሁለቱም ድምፅ ተሰማኝ።

"ዛሬስ በላች?"

"ዛሬ ራሳቸው ናቸው የበሉት፤ ማንኪያውን ከእጄ ወስደው" አለች እናቴ። "ጸጉራቸውንም አበጠርኩላቸው። ሲሠሩ ደስ አላቸው።"

እጄ ወደ ጸጉሬ ሄደ። ናሆም ከጎኔ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

"ቤዛ" አለ ጮክ ብሎ፣ "ማሚ አንቱ የምትልሽ ዋይ?"

ሁለቱም ዞሩ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ አላስታውስም፤ እናቴ ግን የገባትና የሳቀችው ወዲያው ነው። ጋሼ ተስፋይ ግን አልሳቁም። አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ጓለይ፣ ባለቤቴ ናት" አሉ። "ለተብርሃን ትባላለች። እናትሽ የምትሠራበት ቤት ነው ያለችው። መግባት ስለተከለከለ እናትሽ ናት የምትነግረኝ።"

የሆነው ይህ ነው፤ እትዬ ለተብርሃን የመርሳት በሽታ ይዟቸው መጀመሪያ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። ቀጥሎ አማርኛው። የቀራቸው ትግርኛ ብቻ ነበር። እናቴ ደግሞ ማይጨው ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሉትን የምትሰማ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተኛሁ። የጋሼ ተስፋይ ጥያቄ የእኔ እንዳልሆነ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሌላውም ተከትሎ መጣ። እናቴ ታጥባ ስትገባ ጠየቅኳት።

"ሰው አለብኝ ያልሽው እሳቸውን ነው?"

እናቴ ልትዋሸኝ ትችል ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጸጉሯ ይንጠባጠባል።

"አዎ" አለች። "አንቺ ሲርብሽ ራበኝ ትያለሽ። ሚስ ዶናም ትሰማሻለች፣ ጋሼም ይሰሙሻል። እሳቸው ውኃ ጠማኝ ሲሉ ሰው ፈገግ ብሎላቸው ያልፋል። ምን ላድርግ፣ ቤዛዬ?"

ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። ያላየኋትን አሮጊት ሴት በጣም ጠላኋት፤ ያ ጥላቻ ለብዙ ቀን ከምስሩ ጋር አብሮኝ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ እናቴ ሥራ ነበረች፤ ጂሙ ደግሞ ዝግ ነው። ጋሼ ተስፋይ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው መጡ። "ዛሬ ከእኔ ጋር ጉብኝት እንሄዳለን" አሉ። ነርሲንግ ሆሙ በእግር ብዙ አይርቅም። በበሩ መግባት ስለተከለከለ የምንጠይቀው በመስኮት ነው። ከሕንፃው ጀርባ ጭቃ የሆነ የአበባ መደብ ውስጥ ገብተን ከአንድ መስኮት ፊት ቆምን። ከውስጥ ቢጫ ጋውን፣ ጓንት፣ ማስክ፣ በዚያም ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ዊልቸር እየገፋ መጣና እጁን አወዛወዘ።

"ሁ ኢዝ ዛት?" አለ ናሆም ፈርቶ።

እናታችን ነበረች። ዓይኗን አይቼ እንኳ ወዲያው አላወቅኋትም።

ዊልቸሩ ላይ የተቀመጡት ሴት ትንሽዬ ናቸው። ነጭ ጸጉራቸው ወደ ኋላ ተበጥሮ በልጅ ማስያዣ ተይዟል፤ የእኔ ማስያዣ ነው፣ ሐምራዊው። እናቴ ስልክ ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ጋሼ ተስፋይ ማስካቸውን አውልቀው በትግርኛ ማውራት ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደዚያን ቀን ዝቅ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ለተብርሃን ግን አላወቋቸውም። መንገድ የሚጠይቅ ሰው እንደሚታይ አየት አድርገዋቸው አለፉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

ፊታቸው በራ። በጣታቸው መስታወቱን አንኳኩ።

"ንግስቲ!" የሚለው በጋሼ ተስፋይ ስልክ ተሰማ። "ንግስቲ፣ በሊዕኪ ዶ?"

ጋሼ ተስፋይ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ታናሽ እህቷ ናት ንግስቲ። በልጅነቷ ነው የሞተችው። በልተሻል ወይ ነው የምትልሽ።"

እናቴ ከውስጥ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ስልኩን ተቀበልኩ።

"በልቻለሁ" አልኩ በአማርኛ።

ቋንቋው የገባቸው አይመስለኝም፤ ድምፁ ግን በቃቸው። ወደ ኋላ ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ስንመለስ ጋሼ ተስፋይ እንደ ልማዳቸው ፊት ፊት ሄዱ። እኔም ናሆምን ይዤ ተከተልኳቸው። ጥላቻዬ ግን እዚያ መስኮት ሥር ቀርቶ ነበር። በልተሻል ወይ የሚለውን ጥያቄ ስጠብቀው የነበረው እኔ ነኝ፤ መጣልኝ፣ ካላሰብኩት ሰው።

ግንቦት ሲገባ አንድ ሰኞ የማርኮ ካሬ ባዶ ሆነ። ሚስ ዶና ሳጥኑን አንስታ ወሰደችው። ምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ "እናቱ ትንሽ ታማለች" አለች፤ ጂሙ እንደ ልማዱ ደገመው። የማርኮ እናትና የእኔ እናት አንድ ቤት ነው የሚሠሩት። ይህን ለማወቅ የሂሳብ ትምህርት አያስፈልግም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ መኪና ውስጥ እንደ ልማዷ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጨችልን። ናሆም "ያክ! ይሸታል" አለ።

"ምኑ?" አለች እናቴ።

ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እንደገና። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተችና ወደ ቤት ነዳች። መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። በማግስቱ ቫይረሱ እንዳለባት ተነገራት።

እኛም ከጂሙ ታገድን። አባቴ ስልክ ሲደወልለት መንገድ ላይ ነበር፤ እንደደረሰ እናቴ እንዳይገባ ከለከለችው፤ ዶቨር የሚባል ሰፈር ጓደኛው ቤት እያደረ ምግብ ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያየናል። እኔ ምግቡን አሞቃለሁ፤ ትሪውን በሯ ሥር አስቀምጬ አንኳኩቼ እሸሻለሁ። ሳሏ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ናሆም በሩ ሥር ተኝቶ በቀዳዳው ጣቱን ይሰዳል፤ እሷ ከውስጥ በጫማዋ ጫፍ ትነካለታለች።

ጋሼ ተስፋይ በየማታው አጥሩ ዘንድ ይመጣሉ። የሚነግራቸው ግን የለም። ነርሲንግ ሆሙ ጋ ይደውላሉ፤ ስልኩ አይነሳም፤ ከተነሣም "ሺ ኢዝ ስቴብል"፣ ባለችበት ናት፣ ይሏቸዋል። "ስቴብል ምንድን ነው? በልታለች ወይ ነው የምለው እኮ" ይሉኛል እኔን፣ በመስኮት በኩል። ከዚያ ደግሞ "እናትሽስ?" ይላሉ። "ትንሽ ሾርባ ጠጥታለች" እላለሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ናሆም በቀዳዳው አይቷት ነገረኝ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው አንድ ጠዋት ጋሼ ተስፋይ ወደ እናቴ መስኮት ቀርበው የቆሙት። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"ትርሲት" አሉ። "ለተ ትናንት ዐረፈች።"

እናቴ መስኮቱን ከፍታ ማስኳን እንደያዘች አለቀሰች። "ጋሼ፣ እኔ ሳልኖር! የምትለውን የሚሰማ ሰው በሌለበት…" በሐዘኗ አንቱታው ጠፋባት።

"አለ" አሉ ጋሼ ተስፋይ። "አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛላት ነበር። አወራኋት። ንግስቲ ንግስቲ ትላለች። በልታለች አልኳት። ትምህርት ቤት ሄዳለች፣ ደርሳለች፣ እኔ ነኝ ያደረስኳት አልኳት። ከዚያ ዝም አለች።" ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። "አንቺ ተኚ። እንዳትነሺ።"

ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቀደ። ለቅሶ መድረስም ክልክል ነበር። እኔና ናሆም በመስኮት ሆነን ያየነውን ግን አልረሳውም። ከቀብሩ በኋላ ጋሼ ተስፋይ ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ቆሙ። ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ታክሲዎች መጡ፤ የኤርፖርት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ጥምጣም ያሰረው ፑንጃቢ። ሁሉም የጣሪያቸውን መብራት አብርተዋል። አንዱ ከአንዱ ኋላ ቀስ እያለ ደጃቸው ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ መስኮት ዝቅ ይላል፣ እጅ ይወጣል። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" የሚልም አለ፣ በየቋንቋው የሚልም አለ። ጋሼ ተስፋይ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ይላሉ። ሰልፉ አላልቅ ስላለ ወንበሩ ላይ አንዴም አልተቀመጡበትም።

እናቴ ዳነች። ከስታ፣ ደረጃ ስትወጣ እያለከለከች፣ ግን ዳነች። ወደ ሥራ ተመለሺ ተባለች፤ እኛም ወደ ጂም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልብሳችንን እያጣጠፈች በስልክ ለሰላም ስትነግራት ሰማሁ።

"ነገ በሌሊት ቀስቅሼ አንቺ ጋ አምጥቼ ልጣላቸው፤ ከዚያ አንቺ ታደርሺያቸዋለሽ። ጋሼን ከእንግዲህ በምን አፌ እለምናቸዋለሁ? ሚስታቸው የለች። እኔ እንኳ አልደረስኩላቸው።"

ሰኞ ጠዋት ጃኬታችንን ለብሰን፣ እንቅልፋችን ሳይለቀን፣ እናቴ ቁልፏን ይዛ በሩን ስትከፍት ጋሼ ተስፋይ ደረጃው ሥር ቆመዋል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጺማቸው አድጓል። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ እርጥብ ነበር።

እናቴ ደርቃ ቀረች። ናሆም ግን ስድስት ዓመቱ ነው።

"ጋሼ" አለ፣ "እትዬ ለተ እኮ ሞተዋል።"

"ናሆም!" አለች እናቴ።

"አዎ፣ ወደይ። ሞታለች" አሉ ጋሼ ተስፋይ። "ትምህርት ቤት ግን አለ። ጫማህ ተፈትቷል፣ ና።"

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኮ እርስዎ…" ብላ ጀመረች እናቴ።

"ከእንግዲህ ምን?"

እናቴ ቁልፏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ሥራሽ ይረፍድብሻል፣ ልጄ። ሂጂ።"

ከዚያ እጃቸውን በደረጃው ብረት ላይ ደግፈው፣ አንዱን ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አንበረከኩና የናሆምን ጫማ ማሰር ጀመሩ። አንዱን ጨርሰው ሌላውንም ፈትተው እንደገና አሰሩት። እናቴ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ ግን ረፍዶባትም፣ እሳቸው ከተንበረከኩበት እስኪነሡ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።